ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ በሚኒሞ የሚንኳኳ ክዳን፦ ምክንያቱ አንድ ዘይት ሊሆን ይችላል

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የደሴ ልጅ ነኝ። 125 ሲሲ የቻይና ሞተር አለኝ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ አመላልስበታለሁ። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይጎትትም። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጣት፣ ስትቆም ደግሞ ከቀኝ በኩል ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ፍሪሲዮን ስይዝ ድምፁ ይቀንሳል። ዘይት ሳስቀይር የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁበት። የምጠቀመው የመኪና ዘይት ነው፤ ሻጩ ‹ቀጭን ነው፣ ነዳጅ ይቆጥብልሃል› ብሎ የሰጠኝ። አንዱ መካኒክ የፍሪሲዮን ዲስክ ብቻ ቀይር ይለኛል። ሌላው ክራንኩ አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት ይላል። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ለጊዜው ዲስክም አትግዛ፣ ሞተርም አታስከፍት። የነገርከኝ ሦስት ምልክት ነው፤ መንሸራተት፣ ቀኝ በኩል መንኳኳትና ዘይት ውስጥ ብልጭታ። ሦስቱም የሚገናኙት አንድ ክዳን ሥር ነው። ያ ክዳን ደግሞ ሞተሩ ከሻንሲው ሳይወርድ ይከፈታል። እኔ የምጠረጥረው ዘይቱን ነው። ዲስኩን አንሸራትቷል፣ ጥርሱንም አስበልቷል። ዲስክ ብቻ ብትቀይር መንኳኳቱ ይቀጥላል፤ የሚረግፈው ብረትም አዲሱን ዲስክ ይጨርሰዋል። ክራንክ ብለህ ብታስከፍት ደግሞ ምናልባት ደህና ለሆነ ነገር ብዙ ብር ትከፍላለህ።

ውስጡን ላሳይህ፤ ከዚያ መካኒኩ የሚነግርህን ራስህ ትመዝነዋለህ።

ገበያችን ላይ ካሉት 125 የቻይና ሞተሮች ብዙዎቹ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ካወጣው ሲጂ 125 የተቀዱ ናቸው። ቫልቩን የሚገፋው ረጅም ዘንግ ከሆነ፣ ማለትም የውስጥ ካቴና ከሌለው፣ ያንተም ከዚያው ዘር ነው። በክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ትንሽ ማርሽ አለች። በሆንዳው ላይ 18 ጥርስ ነው ያላት። እሷ 73 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ ታዞራለች። ትልቁ ማርሽ ከፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከሚያገናኘውና ከሚቆርጠው ክፍል፣ የውጪ ቤት ጀርባ ላይ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ክራንኩ አራት ጊዜ ሲዞር ፍሪሲዮኑ የሚዞረው አንዴ ያህል ነው። የሞተሩ ጉልበት ካምቢዮ (ማርሽ መቀየሪያው) ሳይደርስ፣ ጎማ ሳይደርስ፣ መጀመሪያ የሚያልፈው በእነዚህ ሁለት ማርሾች መካከል ነው።

ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ጉልበቱን ሳያቋርጥ አይሰጥም። ክራንኩ ሁለት ዙር ሲዞር አንዴ ነው የሚመታው። ያንን ምት ለማለዘብ በትልቁ ማርሽና በፍሪሲዮኑ ቤት መካከል አጫጭር ሞላዎች ገብተዋል፤ በአንዳንዱ ሞተር ላይ ጎማ ነው። ከጀርባ ላሜራ ተደርጎባቸው በሪቬት ታስረዋል። እነዚህን ሞላዎች አስታውሳቸው፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነሱ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ካምቢዮውም የራሱ ዘይት አለው። ያንተ ሞተር ላይ ግን ፒስተኑን፣ የፍሪሲዮኑን ዲስኮች፣ ሁለቱን ማርሾችና ካምቢዮውን የሚያጠጣው ያው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ዲስኮቹ ዘይት ውስጥ እየተነከሩ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ከዚህ ዘይት የምንፈልገው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። ማርሾቹ እንዳይበላሉ ማንሸራተት አለበት፤ ዲስኮቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ደግሞ ከመጠን በላይ ማንሸራተት የለበትም። ይህን ሚዛን ጠብቆ የሚሠራው የሞተር ሳይክል ዘይት ነው።

ሻጭህ የሰጠህ ዓይነት የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል ሊገባበት ይችላል። ነዳጅ ይቆጥባል የተባለው አንዱ በዚያ ምክንያት ነው። መኪና ላይ ምንም ጉዳት የለውም። ዘይት የነከረው ፍሪሲዮን ላይ ግን ኬሚካሉ ዲስኩ ላይ ይለጠፍና መያዣ ያሳጣዋል። ሜዳ ላይ ላይታወቅህ ይችላል። ሐረጎን ጭነህ ስትወጣ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። የሚንሸራተት ዲስክ ይግላል። ሲግል ፊቱ ይቃጠልና ብርጭቆ ይመስላል። ያኔ ዘይቱን ብትቀይርለትም መልሶ ላይዝ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ቅጥነቱ ነው። ማርሾቹ ሲገናኙ ጥርስ ከጥርስ የሚለየው በጣም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል። በ100 ዲግሪ ሙቀት 50 ተብሎ የተመደበ ዘይት ውፍረቱ ከ16.3 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) በታች መውረድ የለበትም። 30 የተባለው ግን ከ12.5 በታች ነው። 20 የተባለው ከ9.3 በታች። በዚያ ላይ ዘይቱ ሙቀትን እንዲቋቋም የሚጨመርበትን ረጅም ሞለኪውል ያለውን ኬሚካል የካምቢዮና የፍሪሲዮን ጥርሶች በየዙሩ ይቆራርጡታል። ስለዚህ የገዛኸው ውፍረት ዘይቱ እስኪቀየር ድረስ አብሮህ አይቆይም። ከመነሻው ቀጭን የሆነ ዘይት ደግሞ የሚያጣው ትርፍ የለውም። በተጨማሪ ቀጫጭኖቹ ዘመናዊ የመኪና ዘይቶች የጭስ ማጣሪያ እንዳያበላሹ ተብሎ ፎስፈረሱ ተቀንሶባቸዋል። ጥርስን ከመበላት የሚጠብቀው ቅመም ደግሞ ፎስፈረስ ያለበት ነው።

የምትገዛው ዘይት ቆርቆሮ ላይ ይህን ፈልግ። ጃሶ (JASO) የሚባል የጃፓን ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው በትክክል ለዚህ ችግር ነው፤ ዘይት ፍሪሲዮን ላይ ምን ያህል ያስይዛል የሚለውን ይለካል። ኤምኤ (MA)፣ ኤምኤ1 (MA1) ወይም ኤምኤ2 (MA2) የሚል ካየህ ላንተ ሞተር ይሆናል። ኤምቢ (MB) የሚል ካየህ ተወው፤ እሱ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልሆነ ስኩተሮች ነው። ውፍረቱ ለዚህ ዓይነት ሞተር፣ ጭነት ለሚይዝና ዳገት ለሚወጣ፣ 20ደብሊው-50 (20W-50) ጥሩ ነው። የደሴ ብርድ ለዚህ ዘይት ምንም አይደለም፤ ጠዋት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማሞቅ ይበቃዋል። የሞተርህ መጽሐፍ ሌላ ውፍረት ካዘዘ መጽሐፉን ስማ፣ የጃሶ ፊደሉን ግን አትልቀቅ። የመኪና ዘይት ላይ ደግሞ የኤፒአይ (API፣ የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) ክብ ምልክት አለ። ከክቡ ታችኛው ክፍል ላይ ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ (Resource Conserving) ወይም ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ (Energy Conserving) የሚል ጽሑፍ ካለ ሞተር ሳይክልህ አጠገብ አይድረስ።

የመኪና ዘይት ሁሉ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል ማለቴ አይደለም። ያ ጽሑፍ የሌለበት ወፍራም 20ደብሊው-50 የመኪና ዘይት ይዘው ዓመታት የሚሠሩ አሉ። ግን ዋስትና የለህም። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ከአንድ ዙር ዲስክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከበርሜል በጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይትና ማሸጊያው የተነካካ ቆርቆሮ ግን በፍጹም አትግዛ። ሰበቃ ይቀንሳል እየተባለ ዘይት ላይ የሚጨመረውን ጠርሙስም እንዲሁ።

ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት በነፃ የሚታዩ ነገሮችን ጨርስ።

መጀመሪያ የፍሪሲዮኑ ገመድ። መያዣው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ መላወስ አለበት። ገመዱ ከተወጠረ አንተ ሳትነካው ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተይዟል ማለት ነው፤ የፈለግከውን ዘይት ብትጨምር ይንሸራተታል። ይህን ሳያይ ዲስክ ቀይር የሚል መካኒክ ቸኩሏል። ቀጥሎ የዘይቱን ልክ እይ። ሞተሯን ሜዳ ላይ በመካከለኛው ማቆሚያ አቁማት። ጠፍታ ጥቂት ደቂቃ ትቆይ። በዚህ ዓይነት ሞተር መለኪያው ተጠርጎ ይገባል እንጂ ዞሮ አይጠብቅም። አጥብቀህ ካነበብክ ዘይቱ ካለው በላይ መስሎ ይታይሃል፤ ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ በጎደለ ዘይት የሚነዳው በዚህ ነው። ትልቁ ማርሽ ቅባት የሚያገኘው ታችኛው ክፍሉ ዘይቱ ውስጥ እየነከረ ስለሚዞር ነው። ልኩ ሲወርድ እሱ መራብ ይጀምራል። ሞልቶ ሲፈስም ጥሩ አይደለም፤ ይደበደብና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ጥርስ አይጠብቅም።

አሁን ያየኸው ብልጭታ። እኔ ከድምፅ በላይ የማምነው ይህንን ነው። ዘይቱን ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ንጹሕ፣ ነጭ ቢሆን የምመርጠው፣ ሳህን ላይ አፍስሰው። ትንሽ ይርጋ። ላይኛውን ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥና ሥሩ የቀረውን ብቻ አስቀር። ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልለህ ሥሩ ላይ አዙረው። ፌስታሉን የምንጠቀመው ማግኔቱ ላይ የተለጠፈው በኋላ ተገልብጦ እንዲወጣልን ነው።

ማግኔቱ የያዘው በጣቶችህ መካከል ስታሸው የማይሻክር ግራጫ ቅባት ከሆነ አትደንግጥ። ማንኛውም በሥራ ላይ ያለ ጥርስ እንዲህ ያለ ዱቄት ይሰጣል። ሲሻክርህ፣ ወይም ጥፍር የሚነጭ ቅርፊት ወይም መርፌ የመሰለ ስባሪ ካገኘህ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔት እየተሰበረ ነው። ይህ ከተገኘ ሞተሯን ሥራ ላይ አታውላት።

ማግኔቱ ያልያዘውንም እይ። ነጭ ብልጭታ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ከፒስተን ወይም ዲስኮቹ ከሚሰኩባቸው የፍሪሲዮኑ የውጪ ቤት ጣቶች። ሞተሩ ዘይት የማይበላና ጭሱ ንጹሕ ከሆነ እኔ መጀመሪያ ጣቶቹን ነው የምጠረጥረው። ቢጫ ወይም ቀይ የወርቅ ብልጭታ ካየህ የነሐስ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ስትጨምቀው የሚፈራርስ ቁርጥራጭ የዲስኩ ሽፋን ነው። ሽታውም ይነግርሃል፤ ፍሪሲዮን ሲቃጠል ዘይቱ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በክረምት ጎርፍ ከተሻገሩ በኋላ ወይም ኃይለኛ የውኃ ግፊት ተጠቅመው ሞተር ካጠቡ በኋላ ነው።

ወደ ድምፁ ልለፍ። ክራንክ ነው የተባልከውን የምንፈትነው እዚህ ላይ ነው። ፍሪሲዮን ስትለቅና ማርሽ ውስጥ ሳትሆን፣ የውጪው ቤት፣ ዲስኮቹ፣ ውስጠኛው ቤትና የካምቢዮው ዘንግ አብረው ይዞራሉ። ፍሪሲዮን ስትይዝ ውስጠኛው ቤትና ዘንጉ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ የውጪው ቤትና ሁለቱ ማርሾች ግን መዞራቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ስትይዝ የሚቀንስ ድምፅ ከላሉ ሞላዎች ወይም ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔት ነው። ስትይዝ የሚብስ ከሆነ የውጪው ቤት የሚዞርበት ቦኮላ ወይም የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔት አልቋል። ብትይዝም ብትለቅም የማይለወጥ፣ ፍጥነት ስትጨምር እየቀጠነ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ የሁለቱ ማርሾች ጥርስ ነው። ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው የቢየላ ድምፅ ደግሞ ወፍራም ነው። ፍሪሲዮን ብትይዝ አይሰማህም፤ ጭነት ስትሰጠው ይብሳል። ያንተ ይቀንሳል ብለኸኛል። ክራንክ ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር እስካሁን አላየሁም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በሚኒሞ ክራንኩ በደቂቃ 1400 ያህል ይዞራል ብንል፣ በሴኮንድ 23 ጊዜ ነው። ጆሮ ይህን አይቆጥረውም፤ ተያይዞ ነው የሚሰማው። ትልቁ ማርሽ ግን በሴኮንድ ስድስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ይህን በጣትህ ጭንህን እየመታህ ልትከተለው ትችላለህ። ስለዚህ ተነጣጥሎ፣ እኩል እየጠበቀ የሚመጣ ምት ከሰማህ ትልቁ ማርሽ ላይ አንድ ጥርስ ተጎድቷል ብለህ ጀምር።

ይህን ሁሉ አይተህ ክዳኑን ክፈት። ዘይቱን አፍስስ፣ መርገጫውንና ገመዱን አውጣ፣ ቡሎኖቹን ፍታ። ርዝመታቸው ይለያያል። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስለህ እያንዳንዱን በቦታው ሰካው። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ከተህ ያጠበቅክ ቀን ካርተሩ (የሞተሩ የብረት ቤት) ይሰነጠቃል። ጓርኒሲዮኑን፣ የክዳኑን ማሸጊያ፣ አዲስ አዘጋጅ።

ክዳኑ እንደተነሣ ምንም ሳትፈታ በእጅህ ዳስስ። አንድ እጅ ትልቁ ማርሽ ላይ፣ ሌላው የፍሪሲዮኑ ቤት ላይ አድርግና በተቃራኒ አቅጣጫ አዙራቸው። በእጅ ጉልበት መላወስ የለባቸውም። ቀጭ የሚል ነፃ መላወስ ካለ ሞላዎቹ ደክመዋል ወይም ሪቬቶቹ ላልተዋል። ድምፅህን እዚያው በእጅህ ትሰማዋለህ። ሪቬት መልሶ በመዶሻ መምታት አለ፤ እኔ አልመክርህም። ላይበቃ ይችላል፣ ሲለቅ ደግሞ ጭንቅላቱ ጥርስ መካከል ይገባል። ቤቱን ከነማርሹ ቀይረው።

ከዚያ ትንሿን ማርሽ ያዝና ክራንኩን ወደ ላይና ወደ ታች አንቅንቀው። ምንም መላወስ ሊሰማህ አይገባም። ከተሰማህ የክራንኩ ኩሽኔት አልቋል። ያኔ ሁለተኛው መካኒክ እውነት አለው፣ ሞተሩ ይከፈታል። ክራንኩ ሲላወስ የሁለቱ ማርሾች ርቀት በየዙሩ ስለሚለዋወጥ አዲስ ማርሽ ብታስገባም ይበላዋል።

ፍሪሲዮኑን ፈትተህ ዲስኮቹን አውጣ። በሲጂ ዓይነት ላይ አዲስ ዲስክ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከ2.6 በታች የወረደ ይጣላል። ሌሎች ሞተሮች የራሳቸው ልክ አላቸው። በመካከላቸው ያሉትን ብረት ሳህኖች ብርሃን ላይ ያዛቸው። ሰማያዊ ቀለም ካላቸው ተቃጥለዋል። መስተዋት ላይ አጋድማቸውና ፑንቴሪያ (የቫልቭ ክፍተት) የምናስተካክልበትን ስስ መለኪያ ከሥር ለማስገባት ሞክር። 0.20 ሚሊ ሜትሩ ከገባ ጠምዟል። ዲስኮቹን የሚጫኑትን ሞላዎችም አሰልፋቸው፤ አንዱ ካጠረ ሁሉንም ቀይር።

የውጪው ቤት ጣቶች ላይ ጣትህን አሳልፍ። ዲስኮቹ እየመቱ የቆፈሩት ጎድጓዳ መስመር ታገኛለህ። ጥፍርህን የማያስቆም ከሆነ ተወው። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ዲስኮቹ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀረቀሩ ፍሪሲዮኑ በአግባቡ አይለቅም፣ ማርሽ ስትቀይር ይጎትትሃል። ቀላሉን በጥሩ ሞረድ ማስተካከል ይቻላል። ሁሉም ጣቶች እኩል መሞረድ አለባቸው፤ ካልሆነ ጉልበቱን ሁለትና ሦስት ጣት ብቻ ይሸከሙትና ይሰበራሉ። የጠለቀ ጉድጓድ ያለበት ቤት ግን ይለወጥ። የሳህንህ ላይ ነጭ ብልጭታ ከዚህ መጥቶ ከሆነ አሁን ታየዋለህ።

አሁን ጥርሶቹ። ጨርቅ ነዳጅ ነክረህ አንድ በአንድ ጥረግ፣ በእጅ ባትሪ ከጎን አብራ። የተበላ ጥርስ እንዴት እንደተበላ ይናገራል። ፊቱ መሃል ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ ጉድጓድ ካለ ብረቱ ደክሟል፤ በጭነት ብዛትና በዕድሜ የሚመጣ ነው። ከጥርሱ ጫፍ ወደ ሥር የተጫረ፣ የተቀደደ የሚመስል መስመር ካለ ዘይቱ ሽፋን መስጠት ተስኖት ብረት ከብረት ተገናኝቷል። ያንተ ቀጭን ዘይት ጉዳት ከሆነ የምትጠብቀው ይህንን ነው። ጥርሱ ደግሞ ያለ ጠባሳ፣ እንደ ተወለወለ ቀጥኖ ከሾለ አቧራ ነው። ከአሸዋ የሚመጣው አቧራ ብረት ይሞርዳል። ከየት ገባ ብለህ አየር ማጣሪያውን፣ ማጣሪያውን ከካርቡራተር ጋር የሚያገናኘውን ጎማና የዘይት መክፈቻውን ጎማ ፈትሽ። ይህን ሳታስተካክል ማርሽ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ጥርስ ከተበላ ሁለቱንም ማርሽ አንድ ላይ ቀይር። 18 እና 73 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ እያንዳንዱ የትንሿ ጥርስ በተራ ከትልቁ ጥርሶች ሁሉ ጋር እንዲገናኝና መበላቱ እኩል እንዲሆን። ጉዳቱም እንዲሁ ይዳረሳል። ትንሿ ላይ አንድ የተሰበረ ጥርስ ካለ 73ቱንም ጎብኝቷል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም ደሴ ገበያ ላይ ያገለገለ ጥሩ ዕቃ ይገኛል፤ ስትገዛ ግን ሁለቱን ከአንድ ሞተር የወጡ ግዛ፣ ጥርስ ቁጠር፣ የድሮው ላይ ደርበህ ውፍረቱን አስተያይ። ፎርጂድ ዲስክ ደግሞ ሽፋኑ ሙጫው ስለሚለቅ ከጠርዙ በጥፍር ስትጭረው ይገለጣል።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ነገር አትለፍ። በሲጂ ዓይነት ሞተር ላይ የዘይት ማጣሪያው ክራንኩ ጫፍ ላይ አብሮ የሚዞር ክብ ቤት ነው። ሲዞር ቆሻሻውን ወደ ዳር እየወረወረ ያጠራቅመዋል። ትንሹን ክዳኑን ሦስት ቪት ፈትተህ ስታነሣ ዳሩ ላይ የጠጠረ ጥቁር ጭቃ ታገኛለህ። ሞተሩ ከተገዛ ጀምሮ ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ ጭቃው ቤቱን ሞልቶት ይሆናል። ያ ማለት ቆሻሻው ከዚያ ወዲህ የሚዞረው በክራንኩና በጥርሶቹ ውስጥ ነው። በእንጨት ፋቀው፣ በነዳጅ እጠበው። ሥር ያለውን ወንፊትም አውጥተህ እጠብ። የዘይት ፖምፓው ማርሽ ጥርሶችም እዚያው አጠገብ ናቸው፤ አንዱ እንኳ ከተሰበረ ዛሬውኑ ቀይረው፣ ላይኛው ክፍል ያለ ዘይት ይቀራል።

ስትገጥም መጠንቀቅ ያለብህ ዳዶው ላይ ነው። የክራንኩና የፍሪሲዮኑ ዳዶ ሲፈታም ሲጠብቅም ማርሾቹ እንዳይዞሩ ካቻቢቴ ጥርስ መካከል የሚሰኩ አሉ። ጥርስ የሚሸረፈው እንዲያ ነው። ማስቆም ካለብህ ለስላሳ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ቁራጭ ተጠቀም። ዳዶው ብዙ ጊዜ ባለ አራት ክፍተት ነው፤ የራሱ ቁልፍ አለው። በመዶሻና በጩቤ እየመቱ ማዞር ዳዶውን ከማበላሸቱም በላይ ልኩን አታውቀውም። በቶርክ ቁልፍ፣ መጽሐፉ በሚያዘው ልክ ይጠበቅ። የመቆለፊያ ሮንደላውን ምላስ መልሰህ እጠፍ፤ ምላሱ የተሰበረ ከሆነ አዲስ አድርግ። የላላ ዳዶ ራሱ ያንተን ዓይነት ድምፅ ያመጣል፤ ስትከፍት እንዳላሉ አስቀድመህ እይ። አዳዲሶቹን ዲስኮች ከመግጠምህ በፊት አዲሱ የሞተር ሳይክል ዘይት ውስጥ ነክረህ አሳድራቸው። ደረቅ የገባ ዲስክ የመጀመሪያው መነሣት ላይ ይቃጠላል።

ድሮ የተጠቀምክበት ዘይት ካርተሩ ውስጥ፣ ካምቢዮው ጥርሶች ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዘይት ሞልተህ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ነድተህ አፍስሰው። አውቃለሁ፣ ያንገበግባል። ግን ሰበቃ ቀናሹን ኬሚካል የሚያጥበው ይህ ነው። ዲስኮችህ ካልተቃጠሉና ልካቸው ደህና ከሆነ ይህ ብቻውን መንሸራተቱን ሊያስቆምልህ ይችላል፤ ለዚህ ነው ዲስክ አትግዛ ያልኩህ። ከዚያ በኋላ ጭነትና ዳገት ላለው ሥራ በየ2000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር። ተራ ማዕድን ዘይት ከዚያ በላይ ሲቆይ ጥርሶቹ ቆራርጠውት ይቀጥናል።

ሐረጎን እንዴት እንደምትወጣም ይወስናል። በ4ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየተንገዳገደ፣ ነዳጅ በሙሉ ከፍቶ መውጣት ነዳጅ የቆጠበ ይመስላል። ሞላዎቹንና ጥርሶቹን የሚቀጠቅጣቸው ግን ያ ነው፤ እያንዳንዱ የፒስተን ምት ለብቻው ያርፍባቸዋል። ቀደም ብለህ 3ኛ ወይም 2ኛ አስገባ፣ ሞተሩ በነፃነት ይዙር። ዳገት ላይ ቆመህ መንገድ እስኪከፈት ስትጠብቅ በፍሪሲዮንና በነዳጅ አትያዛት፣ ፍሬን ያዝ። ስትነዳም ጣቶችህን ከፍሪሲዮን መያዣው ላይ አንሣ፤ ትንሽ የተጫነ መያዣ ዲስኩን ቀስ ብሎ ይበላዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን እንደገና ነጩ ሳህን ላይ አፍስሰውና በዚያው ማግኔት እየው። ትንሽ ግራጫ ቅባት ብቻ ካገኘህ መንገድህን ቀጥል። የሚሻክር ብረት አሁንም ካለ ከቀኙ ክዳን አልፏል፤ ካምቢዮው ወይም የክራንኩ ኩሽኔት ነውና ያኔ ሞተሩ ይከፈት፣ ሳህኑ ላይ ያገኘኸውን ብረትም በወረቀት ጠቅልለህ ለመካኒኩ ስጠው።